የሸጌ ጌም ቤት ምስክር

«ፀደይ? ኤዲያ! ፀደይ ደግሞ ስለ ጌም ምን ታውቃለች? መብራት ሲጠፋ መራገም ነው የምታውቀው።»

እንዲህ ያለው የገዛ ወንድሜ ነው፣ ዲያቆን ሰይፈ ሥላሴ። ጳጉሜ ሦስት፣ በሩፋኤል ጠዋት፣ ከቅዳሴ ተመልሶ ጭቃ የለወሰውን ጫማ በረንዳው ላይ እያወለቀ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል አጣብቆ ነው ያለው። እኔ ከመስኮቱ ወዲህ የእሱኑ ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። ከወዲያ ያለው ሰው የጠየቀውን ባልሰማም ከመልሱ ይታወቃል፤ «ክርክሩን የምታዘጋጅልህ እህትህ ናት ይባላል፣ እውነት ነው?» ሳይለው አልቀረም። ካውያውን አቆምኩት። ሸሚዙን ላቃጥለው አስቤ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር የወጣበት ሸሚዝ ነው፣ የገዛሁለትም እኔ ነኝ።

ስለ ጌም ምን አውቃለሁ? እስቲ ልንገራችሁ። ቤታችን ያለውን የጌም ማሽን ለከተማችን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ጥገና መጥቶ ዓመት የከረመ አንድ ፈረንጅ ነው ሲሄድ ለሰይፈ የተወለት፤ ሰይፈ አስጎብኚ ነውና ፈረንጅ ይወደዋል። እሱ ግን በዚያ ማሽን ከኳስ ሌላ ነክቶ አያውቅም። የቀረውን ሁሉ የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ ዘንድሮ የወጡትን ሰባቱንም፣ አንድ በአንድ፣ መብራት ሲፈቅድ። ራት ላይ እነግረዋለሁ፤ የትኛው ታሪኩ መሀል ላይ እንደሚላላ፣ የትኛው ዜማው ሰውን እንደሚያስተክዝ፣ የትኛው ደግሞ ለይምሰል የተሠራ እንደሆነ። እሱ ጉርሻውን እያላመጠ ያዳምጣል። ከዚያ ሄዶ በራሱ አፍ ይሸጠዋል። አፉ ደግሞ አፍ ነው፣ ድንጋይ ያሳምናል። ደንበኛ በጠፋበት በዚህ ዘመን የመጣችውን አንዲት ጎብኚ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስቃት የሚውል እሱ ብቻ ነው።

እኛ ከተማ ማሽኖቹን በፋብሪካ ስማቸው የሚጠራ የለም። አንደኛው ሲበራ ሰማያዊ መብራት ያወጣል፣ ሌላኛው አረንጓዴ፤ ስለዚህ ጌም የሚወድ ሰው ሁሉ ወይ ሰማያዊ ነው ወይ አረንጓዴ። ጌሞቹንም እንግሊዝኛውን ማን ይጠራል ብለን በራሳችን ስም ነው የምንጠራቸው፤ ባለ ቀስቷ፣ ግንብ ሰባሪው፣ ጨው ጫኙ እያልን። ታዲያ በየዓመቱ በጳጉሜ፣ ዘመኑ ሳይለወጥ፣ ሁለቱ ወገኖች ሸጌ ጌም ቤት ተሰብስበው ይሟገታሉ። በዓመቱ ውስጥ የተሻለ ጌም ያወጣው የቱ ነው፣ ሰማያዊ ወይስ አረንጓዴ? የረታው ወገን እስከሚመጣው ጳጉሜ ድረስ ትልቁ ቴሌቪዥን ያለበትን የፊቱን ክፍል ይይዛል። የተረታው ወደ ጓዳ ይገባል፤ የጓዳው ቴሌቪዥን መሀሉ ላይ መስመር አለበት፣ ጣራውም ያፈሳል። ሰማያዊ ሦስት ዓመት በተከታታይ ረትቷል። ጠበቃው ማን ነው? ሰይፈ ሥላሴ። ነገሩ የማን ነው? የእኔ።

እኔ የፈለግሁት ቴሌቪዥን አይደለም። የፈለግሁት አንዲት ነገር ናት፤ ሰው በተሰበሰበበት «ይህን ሁሉ የጨረሰችው ፀደይ ናት» እንዲባል። ይህ ብዙ ነው? እስከዛሬ ወንድሜ በሰው ፊት ባይለውም በልቡ ያውቀዋል እያልኩ እጽናና ነበር። ለካ ልቡም ረስቶታል።

እናቴ ወለተ ሩፋኤል የስሟ ቀን ስለሆነ ድፎ ዳቦ ቆርሳ ለጎረቤት እያሰናዳች ነበር። ፊቴን አየችና ነገር እንዳለ ገባት። ሰይፈ ገብቶ ተቀመጠ፣ ዳቦውን በላ፣ ሸሚዙን ለበሰ፣ «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ» አለኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እናቴ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየች ስለ ዘይት ዋጋ ማውራት ጀመረች፤ ሸቀጡ እንዴት እንደናረ፣ ሽንኩርት ከሙጃ ገበያ ሳይመጣ እንደቀረ፣ ለዘመን መለወጫ ዶሮ ስንት ይገባ ይሆን እያለች። ዝናቡ የጣራውን ቆርቆሮ ይደበድባል። ሰይፈ «እንግዲህ ረትቼ ልምጣ» ብሎ ጃንጥላውን ይዞ ሲወጣ እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድምሽ አፉ ነው እንጂ ልቡ ደኅና ነው» አለች።

«እማዬ፣ አፉን ነው እኮ የምመግብለት» አልኳት። ነጠላዬን አጣፋሁና ተከትዬው ወጣሁ።

የሸጌ ጌም ቤት ከገበያው ወደ ላይ፣ የኮብልስቶኑ መንገድ የሚያልቅበት ነው። ለአንድ ጨዋታ ሃያ ብር፣ ሻይ አሥራ አምስት። ግድግዳው ላይ «መሳደብ ክልክል ነው፣ ማሽን መምታት ክልክል ነው፣ ዱቤ በስመ አብ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሴት አትግባ የሚል የለም፤ ሴት ግን አትገባም፣ እንዲሁ ነው። እኔ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ሃያ የሚሆኑ ጎረምሶችና ጎልማሶች በሁለት ወገን ተቀምጠዋል፤ ሰማያዊዎቹ ከፊት ባለው ሶፋ፣ አረንጓዴዎቹ በበርጩማና በቢራ ሳጥን ላይ። ሸጌ አየኝና «እንዴ ፀደይ፣ ሰላም ነው? ሰይፈን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። «ዝናቡን ላሳልፍ ነው» አልኩት። ሰይፈ ዞሮ አየኝ፤ ቅንድቡ ወደ ላይ ሄደና ተመለሰ።

ዳኛው ጋሽ ገብረ ዮሐንስ ናቸው። ድሮ የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ናቸው። ጌም ነክተው አያውቁም፣ ለዚህም ነው ሁለቱም ወገን የሚወዷቸው፤ አያዳሉም። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሻያቸውን ፉት እያሉ፣ እንደ ድንበር ክርክር አድርገው ይሰሙታል።

ሰይፈ ተነሣ። ውይ፣ ሲያምርበት! ሸሚዙ ላይ አንዲት መጨማደድ የለችም። «የተከበሩ ዳኛችን» አለ፣ «ቁጥር አይዋሽም። ሰማያዊ በዚህ ዓመት ሰባት ጌም አወጣ፣ አረንጓዴ አራት። ከእኛ ሰባት አንዱ እንኳ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ያለ የለም። የእነሱ ግንብ ሰባሪ ሲወጣ ጀግናው በግድግዳ ውስጥ ዘልቆ ይሄድ ነበር፤ ያን ያስተካከሉት በሦስት ወሩ ነው። የእኛ ባለ ቀስቷ ግን ቀስቱን ስትስበው ጅማቱ እጅህ ላይ ይሰማሃል፤ ዝናብ ሲመታት ፀጉሯ ይከብዳል። ዜማውን የሰማ ሰው ሳምንት አይረሳውም።» ከቀስቱ ጅማት እስከ ፀጉሯ ያለው የእኔ ነው። ቃል በቃል። ሰማያዊዎቹ አጨበጨቡ፤ እኔ ጥርሴን ነከስኩ።

ከአረንጓዴ በኩል የተነሣው ደሳለ ነው፣ ባጃጅ ነጂው። ደሳለ ምላሱ እንደ ሰይፈ አልተሳለም፤ ሲናደድ ይንተባተባል። «ብዛት ምን ያደርጋል? ፍየልም ሁለት ሁለት ትወልዳለች!» አለ። «እኛ ጨው ጫኙ አለን። አንድ ሽማግሌ በቅሎዎቹን እየነዳ የጠፋ ወንድሙን ፍለጋ በጨው ሜዳ ላይ የሚሄድበት። ተኩስ የለው፣ ጭራቅ የለው። ግን ጌም ማለት እሱ ነው! ሌላው ሁሉ ርችት ነው!» ሰማያዊዎቹ ሳቁበት። እኔ አልሳቅኩም። ምክንያቴን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ጋሽ ገብረ ዮሐንስ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ቆይ እስቲ ዲያቆን፣ ይቺ ባለ ቀስቷ የምትሏት፣ ከሦስት ዓመት በፊትም እዚሁ አልቀረበችም ወይ?»

«ቀርባለች ጋሼ፣ ግን ዘንድሮ ታድሳ ነው የወጣችው። ፊቷ ጠርቷል፣ ልብሷ ሌላ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ መቼም ከእኔ አንተ ታውቃለህ። አንዴ የተጠመቀ ልጅ፣ አዲስ ልብስ ቢለብስ ዳግመኛ ይጠመቃል ወይ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰይፈም ሳቀ፣ ግን አንገቱ ቀላ። ዲያቆን ነው፣ ምን ይበል? «አይጠመቅም» አለ።

«ስለዚህ ቀድሞ የተወለደ ከዘንድሮ አይቆጠርም። ከሰባቱ እንዲህ ያሉት ስንት ናቸው?»

አምስት ናቸው። እኔ ደጃፍ ላይ ሆኜ በጣቴ ቆጠርኳቸው። ይህን ለሰይፈ ነግሬው ነበር ወይ? ነግሬዋለሁ፣ ግን የማይጠቅመውን ነገር ጆሮው አያስገባም። «ሁለት… ሦስት ቢሆኑ ነው» አለ። ያኔ ደሳለ ከበርጩማው ዘሎ ተነሣ። «አላወቀውም! አልተጫወተውማ! ጋሼ፣ ይህ ሰው ከኳስ ሌላ ሲጫወት ያየው አለ?» ሰይፈ ተቆጣ። ሲቆጣ ደግሞ ማሰብ ያቆማል፣ ከልጅነቱ እንዲሁ ነው። «አንተ ነህ እኔን ስለ መጫወት የምትጠይቀኝ? በስልክ ሰው ሲጫወት እያየህ የምትውል! እንግዲያው እንማማል! ስለ አንድ ጌም የሚናገር ሰው እስከ መጨረሻው በገዛ እጁ መጫወቱን ይማል!»

ጋሽ ገብረ ዮሐንስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዲያቆን ሆነህ ማሉ ትላለህ?»

«ለእውነት ሲሆን ምን ይደረግ ጋሼ» አለ።

ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው የሚባለው ለዚህ ነው። ዳኛው መሐላውን ራሳቸው ደነገጉ፤ «በገዛ እጄ ሳልጨርሰው ብናገር የዛሬው ሩፋኤል ይፍረድብኝ» የሚል። መጀመሪያ ደሳለን ጠየቁት። ደሳለ ጭንቅላቱን አከከ፣ ወደ ጣራው አየ፣ ወደ መሬት አየ። «ሩፋኤልስ… አልችልም ጋሼ። ዩቲዩብ ላይ ነው ያየሁት። እሱም ግማሹን ነው፣ ፓኬጁ አለቀብኝ።» ሰማያዊዎቹ ሶፋውን እየደበደቡ ጮኹ። ሰይፈ እጁን ዘርግቶ ሳቀ፤ የረታ መስሎታል።

«አንተስ?» አሉት ጋሽ ገብረ ዮሐንስ።

«እኛ ቤት ሰባቱም አልቀዋል» አለ ሰይፈ።

«ቤት አይምልም። አንተ ጨርሰሃል?»

የሸሚዙን እጅጌ ጎተተ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጆሮዬ እስኪግል ድረስ ደስ አለኝ። ይበለው፣ አልኩ በልቤ። ከዚያ ግን ፊቱን አየሁት። ጠዋት የቀደሰ ልጅ ነው፣ ሃያ ሰው አፍጦ ያየዋል፣ ሦስት ዓመት የተገነባ ስም አለው። ቢዋሽ ማንም አይይዘውም፣ ከእኔ በቀር። እኔ ደግሞ በሰው ፊት ወንድሜን አላዋርድም፤ ይህን እሱም ያውቃል። ስለዚህ መዋሸት ይችል ነበር። አንጀቴን የበላው ይህ ነው። ሸጌ የሻይ ብርጭቆ ማጠቡን አቆመ።

ሰይፈ ቀና ብሎ በሰዉ ራስ ላይ አሻግሮ አየኝ።

«እኔ አልጨረስኩም» አለ። «አንዱንም። የጨረሰችው እህቴ ናት፣ ያቺ ደጃፍ ላይ የቆመችው። ሦስቱንም ዓመት የተናገርኩት የእሷን ነው።»

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አፉን ከፈተ። እኔ ስንት ጊዜ በሐሳቤ የሰማሁት ቃል ነው፤ ሲመጣ ግን እንባዬ ቀደመኝ። ጋሽ ገብረ ዮሐንስ «ነይ ልጄ፣ ምስክር ከደጅ አይቆምም» አሉኝ። ሰይፈ ከሶፋው ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩና ማልኩ። ስንቱ ታድሶ የወጣ ነው ሲሉኝ አምስት አልኩ፣ በስማቸው ጠራኋቸው። ሁለቱ አዲሶችስ? አንዱ ጥሩ ነው፣ አንዱ ለልጅ ነው አልኩ። እስከዚህ ድረስ ሰማያዊዎቹ አሁንም ተስፋ ነበራቸው፤ አረንጓዴ ምስክር የለውማ።

«አንቺ የሰማያዊውን ብቻ ነው የተጫወትሽው?»

ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። እኔ የምሠራው ሆቴል ነው፣ እንግዳ መቀበያው ላይ። ሥራ አስኪያጁ የእንግዶች ልጆች ይጫወቱበታል ብሎ አረንጓዴውን ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጦታል። እንግዳ የለም፣ ልጅ የለም። ቁልፉን የያዝኩት እኔ፣ አቧራውን የምጠርገው እኔ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ባዶ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ በር ማየት ይሰለቻል። የሰማያዊ ቤት ልጅ ሆኜ አረንጓዴ መንካቴን ለወንድሜ እንኳ አልነገርኩትም፤ ቢሰማ ከሃዲ ይለኝ ነበር።

«አይደለም ጋሼ፣ የአረንጓዴውንም አራቱን ጨርሻለሁ» አልኩ።

እንዴት ያለ ጫጫታ ሆነ! ደሳለ የቢራ ሳጥኑ ላይ ወጣ። ሰይፈ ዞር ብሎ አየኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የማያውቀውን ሰው እንደሚያይ። ጋሽ ገብረ ዮሐንስ ጸጥታ እስኪሆን ጠበቁና «እንግዲህ ከዚህ ቤት ሁለቱንም የቀመስሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ዘንድሮ የቱ ይበልጣል?» አሉኝ።

አሁን ደግሞ የጨነቀው እኔን ነው። ያ ሰው ክብሩን አውልቆ ቦታውን የሰጠኝ ገና አምስት ደቂቃ አልሆነውም። ሰማያዊ ብል ማን ያውቅብኛል? ሰማያዊዎቹ ያቅፉታል፣ የፊቱ ክፍል ይጸናል፣ እሱም እኔም ቀና ብለን እንገባለን። ግን ምያለሁ። ደግሞ ከመሐላውም በላይ፣ ያ ሽማግሌ ከበቅሎዎቹ አንዷ ጨው ሜዳው ላይ ስትወድቅ ጭነቷን በራሱ ጀርባ አድርጎ ሲነሣ፣ ባዶ ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ሆኜ አልቅሻለሁ። ያን ማን ይክዳል?

«ከአረንጓዴው አራት ሁለቱ ከንቱ ናቸው» አልኩ። «ግንብ ሰባሪው ይቅር። በሥራ ጥራት ሰማያዊ ይበልጣል። ግን ጋሼ፣ ዓመት ካለቀ በኋላ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ነው። ባለ ቀስቷን ስጨርስ ማሽኑን አጥፍቼ ተኛሁ። ጨው ጫኙን ስጨርስ ግን ማሽኑን ማጥፋት አቃተኝ፤ ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ፣ ለእናቴም ደውዬ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው አልኳት። ዘንድሮ አረንጓዴ ነው።»

ጋሽ ገብረ ዮሐንስ ባርኔጣቸውን አጠለቁ፤ ይህ ፍርድ ማለት ነው። አረንጓዴዎቹ እየጨፈሩ በርጩማቸውን ወደ ፊት ማጓጓዝ ጀመሩ። ሰማያዊዎቹ አንድ በአንድ ወደ ጓዳው ገቡ፤ አንዱ በአጠገቤ ሲያልፍ «ወይ ፀደይ፣ ጉድ ሠራሽን» አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ዝቅ ብሎ «ግን በባለ ቀስቷ ሦስተኛውን ድልድይ እንዴት አለፍሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሸጌ ሻይ አመጣልኝ፣ አልከፍልም አልኩት፣ «ማን ጠየቀሽ» አለ። ዳኛው ሲወጡ በሩ ላይ ዞረው «ለከርሞ የማን ጠበቃ ትሆኛለሽ?» አሉኝ። «ልጫወተውና እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ሳቁ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ሰይፈና እኔ አብረን ወጣን። ዝናቡ አልቆመም። ጃንጥላውን ለሁለታችን ያዘው፤ ግማሽ ሸሚዙ ራሰ። ተቆጥቶ እንደሆነ ላውቅ አልቻልኩም፤ እሱ ሲቆጣ ብዙ ያወራል፣ ዝም ሲል ግን አይቼው አላውቅም። የጠዋቱን ነገር ላነሣበት አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ሰው አንድን ነገር በሃያ ሰው ፊት ከካሰ በኋላ በመንገድ ላይ ምን ይጨመርበታል።

ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ባጃጅ ከኋላችን ጡሩንባ ነፋ። ደሳለ ነው። «ግቡ፣ ዛሬ በነፃ ነው!» አለ። ሰይፈ እንደ ልማዱ ወደ ፊት ወንበር ሲሄድ ደሳለ እጁን ዘርግቶ ከለከለው። «ዲያቆን፣ አንተ ከኋላ። ፊቱ የፀደይ ነው።» ሰይፈ አንድ ጊዜ ቆም አለ፣ ከዚያ ጃንጥላውን አጠፈና ወደ ኋላ ገባ። እኔም ከፊት ተቀመጥኩ።

ትንሽ እንደሄድን ሰይፈ አንገቱን ከኋላ አስግጎ በመሀላችን አስገባ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ሕፃን፣ «ፀዲ» አለኝ፤ «ያ ሽማግሌ በመጨረሻ ወንድሙን ያገኘዋል?»

ደሳለ ፍሬኑን ረገጠ። ባጃጇ መሀል መንገድ ላይ ቆመች። «እውነቴን ነው፣ እኔም አላውቅም» አለ፤ «ፓኬጁ ያለቀብኝ እዚያ ላይ ነው።»

ሁለቱ ጠበቆች፣ አንዱ በቀኜ አንዱ በጆሮዬ ሥር፣ ትንፋሻቸውን ይዘው አፍ አፌን ያዩ ጀመር። እኔ መስታወቱ ላይ የሚወርደውን ዝናብ እያየሁ ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ ለመመለስም አልቸኮልኩ።